ባለ ሁለት አፍ ትል፦ አንድ ዘረመል እንዴት ሁለት ዓይነት አካል ይሠራል?

ሁለት ትሎች አስቡ። እህትማማች ናቸው። እህትማማች ስል በመልክ ይቀራረባሉ ማለቴ አይደለም፤ ዘረመላቸው ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አንድ ነው። የአንዷ አፍ ጠባብ ነው፣ ያላትም ጥርስ አንድ ብቻ። ቀኑን ሙሉ ባክቴሪያ ስትመገብ ትውላለች፣ ማንንም አትነካም። የሌላዋ አፍ ሰፊ ነው፤ ውስጡ ሁለት ጥርሶች ፊት ለፊት ተፋጥጠው ቆመዋል። አጠገቧ ሌላ ትል ካለፈ አለቀለት፦ ትነክሰዋለች፣ ቆዳውን ትበሳዋለች፣ የሆድ ዕቃውን ትመጠዋለች።

ከአንዲት እናት ወጥተው፣ አንድ ዘረመል ይዘው፣ አንዷ ሰላማዊ ሌላዋ አዳኝ።

ይህቺ ትል ፕሪስቲዮንከስ ፓሲፊከስ ትባላለች። ስሙ አፍ ይሞላል እንጂ ትሏስ ርዝመቷ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። ስለ ጂን ሲወራ ብዙ ሰው ወዲያው «በጂን የመጣ ነገር አይለወጥም» ይላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ወሬ ከዚህች ትል አፍ የተሻለ መልስ አላውቅም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ምን ይባላል?

ሳይንቲስቶች «የእድገት ተለዋዋጭነት» የሚሉት ነገር ነው። አንድ ዓይነት ዘረመል፣ እንደ ገጠመው ሁኔታ፣ የተለያየ አካል ሲሠራ ማለት ነው። በቃ ይኸው ነው። ንብ ጥሩ ምሳሌ ናት፦ ንግሥቲቱና ሠራተኛዋ ከአንድ ዓይነት እንቁላል ነው የሚፈለፈሉት፤ የሚለያቸው እጭ ሳሉ የበሉት ነው። አዞና ብዙ የኤሊ ዝርያዎችም ወንድ ወይም ሴት የሚሆኑት እንቁላሉ እንዳገኘው ሙቀት ነው።

ከሁለት ነገሮች ጋር ግን አታምታቱት። አንደኛው ሚውቴሽን ነው። ሚውቴሽን የጂኑ ጽሑፍ ራሱ ሲለወጥ ነው፤ እዚህ ግን አንድም ፊደል አልተነካም፣ የተለየው የተነበበው ገጽ ነው። ሁለተኛው እንደ ጡንቻ ያለ ነገር ነው፣ ስፖርት ስትሠሩ የሚመጣ፣ ስትተዉት የሚሄድ። የትሏ አፍ እንዲያ አይደለም። እጭ ሳለች ይወሰናል፣ ካደገች በኋላ ወደ ኋላ መመለስ የለም።

አንድ የቤት ፕላን አስቡ። ፕላኑ ላይ ሁለት ዓይነት ጣሪያ ተሥሏል፤ አናጢው የአየሩን ሁኔታ አይቶ አንዱን ይመርጣል፣ ቤቱ ከተከደነ በኋላ ደግሞ ጣሪያ መቀየር ብሎ ነገር የለም። ለእኔ ነገሩ የሚጥመው ቀጥሎ ያለው ነው፦ አናጢው ራሱ፣ አየሩን የሚያይበት ዓይኑም ጭምር፣ በዚያው ፕላን ውስጥ የተጻፈ ነው። ስለዚህ «ዘር ነው ወይስ አስተዳደግ?» የሚለው የቆየ ክርክር እዚህ ቦታ ላይ አቅጣጫው ይጠፋዋል። አስተዳደግን የሚያዳምጠው ጆሮ ራሱ የዘር ሥራ ነው።

ስንት እንስሳ እያለ ለምን ትል?

ድቡልቡል ትሎች፣ ማለትም ወስፋትን ጨምሮ ሰውነታቸው እንደ ገመድ ቁራጭ ድቡልቡል የሆኑት፣ ለዚህ ጥናት እንደ ተሠሩ ናቸው። ከሁሉም በላይ የታወቀችው ሲ. ኤለጋንስ የምትባለው የአፈር ትል ናት። ሲድኒ ብሬነር በእንግሊዝ ካምብሪጅ ሆኖ ለጥናት መረጣትና በ1974 የጂን ጥናቷን አሳተመ፤ በ2002 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝቶባታል። ያደገችዋ ትል ከመራቢያ ሴሎቿ ውጪ በትክክል 959 ሴሎች አሏት፣ ከነዚህ 302ቱ የነርቭ ናቸው። ሰውነቷ እንደ መስታወት ስለሚያሳልፍ ሁሉም ሴል በማይክሮስኮፕ ይታያል። ሙሉ ዘረመላቸው ከተነበበላቸው እንስሳት ሁሉ የመጀመሪያዋም እሷ ናት፣ በ1998።

ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ሲ. ኤለጋንስን ጨምሮ ከነዚህ ትሎች አንዳንዶቹ ወንዴም ሴቴም በአንድ አካል ናቸው። ራሳቸውን በራሳቸው አዳቅለው እንቁላል ይጥላሉ፤ እንዲህ ሲባል ትውልድ ከትውልድ ሲተካ ልጆቹ ሁሉ የእናታቸው ቅጂ ይሆናሉ። እንግዲህ ሁለት ቅጂዎች ተለያይተው ካደጉ ጥፋቱን በዘረመል ልዩነት ማሳበብ አይቻልም። በሌሎች እንስሳት እንዲህ ያለ ንጹሕ ፈተና ማግኘት ከባድ ነው።

ባለ ሁለት አፏ ፕሪስቲዮንከስም እንደዚሁ ራሷን ታዳቅላለች። ዛሬ በየላቦራቶሪው የምትረባው ዘር በ1988 ካሊፎርኒያ፣ ፓሳዴና ውስጥ ተገኘች። ከዚያ ወዲህ በዋነኝነት የያዛት በጀርመን ቱቢንገን፣ በማክስ ፕላንክ ተቋም የሚሠራው የራልፍ ዞመር ቡድን ነው።

ትል ሁኔታዎችን የምታውቀው በምንድን ነው?

ወደ አፉ ከመሄዳችን በፊት ሲ. ኤለጋንስ የምታደርገውን እንይ፣ መንገዱ የተጠረገው በእሷ ነውና።

ትሏ ነገር ከተመቻት በ3 ቀን ገደማ ከእንቁላል ወደ አዋቂነት ትደርሳለች፤ በመሀል አራት የእጭ ደረጃዎች አሉ። ጠቅላላ ዕድሜዋ ሁለት ሦስት ሳምንት ቢሆን ነው። ነገር ግን ገና በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ሳለች ምግቡ ካነሰ፣ ትሉ ከበዛ፣ ሙቀቱም ከጨመረ ሌላ መንገድ ትይዛለች። «ዳወር» ወደሚባል እጭ ትለወጣለች። ቃሉ ከጀርመንኛ የመጣ ነው፣ መቆየት፣ መጽናት እንደ ማለት። የዳወር አፍ ድፍን ነው። አይበላም። ቆዳው ይወፍራል፣ ሌሎቹን ትሎች የሚያሟሟ ሳሙና ነክ ኬሚካል ውስጥ ቢነከር እንኳ ይተርፋል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ደግሞ የሚያስቅ ነገር ያደርጋል፦ አንዲት የአሸዋ ፍሬ ጫፍ ላይ ይወጣና በጭራው ቆሞ ራሱን ወዲያ ወዲህ ያወዛውዛል፣ መንገድ ዳር ቆሞ ሊፍት እንደሚለምን ሰው። የሚያልፍ ነፍሳት ካገኘ ተለጥፎ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። እንዲህ ሆኖ እስከ 4 ወር ሊቆይ ይችላል። ምግብ ሲገኝ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ያደገችዋም ትል ምንም እንዳልሆነ ሁለት ሦስት ሳምንቷን ትኖራለች። የቆመችበት ጊዜ ከዕድሜዋ አልተቀነሰም።

ታዲያ «ትሉ በዛ» የሚለውን በምን አወቀች? በሕዝብ ቆጠራ። እያንዳንዷ ትል አስካሮሳይድ የሚባሉ ኬሚካሎችን ሳታቋርጥ ወደ ውጭ ትለቃለች። ትሎቹ በበዙ ቁጥር ኬሚካሉ ይበዛል። እንዲህ እንስሳት እርስ በርስ የሚግባቡበት ኬሚካል ፌሮሞን ይባላል። በትሏ ራስ ላይ ያሉ የነርቭ ሴሎች ይህንን ከምግቡ ምልክት ጋር ያመዛዝናሉ፤ ብዙ ጎረቤትና ትንሽ ምግብ ከሆነ፣ መቆም ይሻላል።

ጂኖቹ የተገኙት በቀላል ዘዴ ነው። ጂን በዘፈቀደ መስበርና የሚሆነውን ማየት። አንዳንዶቹ የተሰበሩባቸው ትሎች ምግብ ተትረፍርፎ እያለ ዳወር ሆኑ። ሌሎቹ ደግሞ እርስ በርስ ተጨናንቀው፣ ተርበውም፣ አንሆንም አሉ። እነዚህ ጂኖች «ዳፍ» የሚል ስምና ቁጥር ወጣላቸው። አንዱ ላይ አንዱ ሲቀጣጠል ሰንሰለቱ ታየ፦ የነርቭ ሴሎቹ ኑሮ ጥሩ ነው ሲሉ ኢንሱሊን መሰል መልእክት ይልካሉ፣ መልእክቱ ዳፋክሮኒክ አሲድ የሚባል ሆርሞን ያሠራል፣ ሆርሞኑ ዳፍ-12 የተባለ ተቀባይ ላይ ይቀመጣል። ተቀባይ ማለት አንድ የተወሰነ ኬሚካል ሲይዝ ሥራውን የሚቀይር ፕሮቲን ነው። ዳፍ-12ን እንደ ኬላ ጠባቂ ቁጠሩት፣ ሆርሞኑን እንደ ይለፍ ወረቀት። ወረቀቱ ከመጣ ትሏ ወደ አዋቂነት ታልፋለች። ካልመጣ ዳወር።

አፉንስ የሚወስነው ማነው?

አሁን ወደ ባለ ሁለት አፏ። በእሷም የሚሰሙት ምልክቶች ተመሳሳይ ናቸው፦ ረሃብና መጨናነቅ ወደ ሰፊው አፍ ይገፋሉ። ዳፋክሮኒክ አሲድም ዳፍ-12ም እዚህ ሥራ ላይ እንደሚውሉ በ2010 ታይቷል። አሮጌ መሣሪያ፣ አዲስ ሥራ።

ትልቁ ግኝት የመጣው በ2013 ነው። ተመራማሪዎቹ ያንኑ ጂን የመስበር ዘዴ ተጠቅመው ምንም ቢደረጉ ጠባብ አፍ ብቻ የሚያወጡ ትሎችን አገኙ። የተሰበረው ጂን ኢዩድ-1 ይባላል። በተቃራኒው ተጨማሪ የኢዩድ-1 ቅጂ ሲሰጣቸው ትሎቹ ሰፊ አፍ አወጡ። ሲጠፋ ሁሉም ጠባብ፣ ሲበዛ ሰፊ። እንዲህ ያለ ጂን ማብሪያ ማጥፊያ ቢባል አይበዛበትም።

ጂኑ የሚገኘው ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ነው፤ ክሮሞሶም ዘረመል የተጠቀለለበት ጥቅል ነው። ራሳቸውን የሚያዳቅሉት ትሎች ሁለት ኤክስ አላቸው፣ አልፎ አልፎ የሚወለዱት ወንዶች ግን አንድ ብቻ። ስለዚህ የወንዶቹ ኢዩድ-1 ያንሳል፣ አብዛኞቹም ጠባብ አፍ ናቸው። ሒሳቡ እንዲህ ግልጽ ሲሆን ደስ ይላል፣ ባዮሎጂ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይሆንም።

ኢዩድ-1 የሚሠራው ፕሮቲን ሰልፋቴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ኢንዛይም ማለት ሴል ውስጥ ኬሚካላዊ ሥራ የሚሠራ ፕሮቲን ነው፤ የዚህኛው ሥራ ከሞለኪውሎች ላይ ሰልፌት የምትባል ቁራጭ ማንሳት ነው። በ2018 ደግሞ ተቃራኒውን የሚሠራ ኢንዛይም ተገኘ፣ ሰልፌት የሚለጥፍ። አንዱ ማኅተም ይመታል፣ ሌላው ማኅተም ይፍቃል። ፋቂው ከበዛ ሰፊ አፍ፣ መቺው ከበዛ ጠባብ። ውሳኔው ከነዚህ በታች ወዳሉ ሌሎች ሁለት የዳፍ-12 ዘመዶች ይወርዳል፤ እነሱም አፍ ለሚሠሩት ሴሎች ትእዛዙን ያስተላልፋሉ።

አካባቢው ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ለማየት በ2017 የታተመችው ሙከራ ትበቃለች። ጄሊ መሰል ነገር ባለበት ሳህን ላይ ካደጉት ትሎች አብዛኞቹ ሰፊ አፍ ይሆናሉ። ያቺኑ ዘር፣ ያንኑ ባክቴሪያ እየመገቡ፣ በሚናወጥ ፈሳሽ ውስጥ ሲያሳድጓት ግን ነገሩ ይገለበጣል፣ ብዙዎቹ ጠባብ ይሆናሉ። ጂን አልተነካም፣ ምግብ አልተለወጠም። ሳህኑ በፈሳሽ ተተካ፣ አለቀ።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። በአንድ ሳህን ላይ እንኳ ሁሉም አንድ ዓይነት አይሆኑም። ያው ዘረመል፣ ያው ምግብ፣ ያው ሙቀት ሆኖ ጥቂቶቹ ከብዙኃኑ ይለያሉ። ኢንዛይሞቹ ሚዛን ላይ ሲቀመጡ ትንሽ የዕድል ንዝረት ወደ አንዱ ወገን ልትጥላቸው ትችላለች። ለቤተሰቡ ይህ ክፉ አይደለም፤ ነገ የሚመጣው ካልታወቀ ሁሉንም እንቁላል በአንድ ቅርጫት አለማኖር ነው፣ እዚህ ላይ ደግሞ እንቁላሉ የእውነት እንቁላል ነው።

ሰፊው አፍ ካዋጣ፣ ሁሉም ለምን ሰፊ አፍ አይሆንም?

ሰፊ አፍ ያላት ባክቴሪያም ትበላለች፣ ሌላ ትልም ትበላለች። ትርፍ ብቻ ይመስላል። ግን ጠባብ አፍ ያላት በጥቂት ሰዓታት ቀድማ ታድጋለች። ሰዓት ምን ዋጋ አለው ትሉ ይሆናል። አራት ቀን ገደማ ለሚያድግ ፍጡር አለው።

የምትኖርበትን ብታዩ ይገባችኋል። ፕሪስቲዮንከስ በዳወር መልክ ጥንዚዛ ላይ ተለጥፋ ትቆያለች። ጥንዚዛዋን አትጎዳትም። እስክትሞት ትጠብቃለች። ስትሞት ሬሳው ላይ ባክቴሪያ ይፈላል፣ ያኔ ቶሎ አድጎ ቶሎ መውለድ ነው ቁም ነገሩ። ጥቂት ቆይቶ ግን ባክቴሪያው ያልቃል፣ ሬሳው በትል ይሞላል፣ ከሌላ ዘር የሆኑ ትሎችም ይደርሳሉ። ያን ጊዜ ሁለቱ ጥርሶች ሥራ ያገኛሉ። የሌላው ትል እጭ ራሱ ምግብ ነው፤ በዚያ ላይ አንድ ተሻሚ ይቀንሳል።

ሰውን ምን ይመለከተዋል?

ሁለት ነገር ልጥቀስ። አንደኛው ዳፍ-2 ነው። በ1993 ሲንቲያ ኬንየንና ባልደረቦቿ ይህ ጂን የተዳከመባቸው ትሎች ዕጥፍ ዕድሜ እንደሚኖሩ አሳዩ። በ1997 ጂኑ ሲነበብ ከሰው የኢንሱሊን ተቀባይ ጋር ዝምድና ያለው ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ስለ እርጅና የሚደረገው ጥናት ጥሩ ድርሻው የጀመረው «ትል መቼ ዳወር ትሆናለች?» ከሚል፣ ከውጭ ሲታይ ሥራ ፈት ከሚመስል ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው ጥገኛ ትሎችን ይመለከታል። የመንጠቆ ትልና ስትሮንጂሎይድስ ሰው ውስጥ የሚገቡት ሦስተኛው የእጭ ደረጃ ላይ ሲደርሱ ነው። እጩ አፈር ውስጥ ቆሞ፣ ሳይበላ፣ ቆዳ እስኪነካው ይጠብቃል፤ ሲነካው በስቶ ይገባል። ይህ ዳወርን አይመስልም? በ2009 የወጡ ጥናቶች የስትሮንጂሎይድስ እጮች ዳፋክሮኒክ አሲድ ሲሰጣቸው ወደ ተላላፊው ደረጃ እንደማይገቡ አሳይተዋል። መድኃኒት ተገኘ ማለት አይደለም፣ እንዳትሳሳቱ። ነገር ግን ጥገኛዋ ትል ኬላ ላይ የምታሳየው ይለፍ ወረቀት ከአፈሯ ትል ጋር አንድ መሆኑን ማወቅ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጆሮው ራሱ ሊጠፋ ይችላል?

ይችላል። በላቦራቶሪ ውስጥ ለዓመታት በፈሳሽ ተጨናንቀው የረቡ የሲ. ኤለጋንስ ዘሮች ነበሩ። በዚያ ኑሮ ፌሮሞን ሁልጊዜ ሞልቶ ተርፏል፣ ምግብ ግን ይቀርባል። ቆጠራውን የሚሰማ ትል በከንቱ ዳወር ሆኖ ይቆማል፣ የማይሰማው ይወልዳል። በ2011 እንደታተመው፣ ሁለት እንዲህ የኖሩ ዘሮች ያንን ፌሮሞን የሚቀበሉ ሁለት ጎረቤታም ጂኖችን አጥተዋል። አንዱ ከሌላው ሳይማር፣ ለየብቻቸው። ተለዋዋጭነት ካልጠቀመ ይጣላል ማለት ነው፣ ያውም በሰው ዕድሜ ውስጥ።

የራሷን ልጆችስ አትበላም?

ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ ሰው አላጋጠመኝም። ፕሪስቲዮንከስ አትበላም። በዙሪያዋ የሚርመሰመሱት እጮች የራሷ ከሆኑ ትዳስሳቸውና ታልፋለች፤ የሌላ ከሆኑ ትነክሳለች። በ2019 ለዚህ የሚያገለግል ጂን ተገኘ፣ ስሙ ሰልፍ-1። (ከኛ ሰልፍ ጋር አይገናኝም፣ በእንግሊዝኛ «ራስ» ለማለት ነው።) የሚሠራው ትንሽዬ ፕሮቲን ጫፉ ከዘር ዘር በጣም ይለያያል፣ እንደ ቤተሰብ መታወቂያ። በዚያ ጫፍ ላይ አንዲት የፕሮቲን ቅንጣት ብቻ ስትቀየር እናት ልጇን እንደ ባዳ ልትነክስ ትችላለች።

ዘመዷ አሎዲፕሎጋስተር ሱድሃውሲ ግን ይህን ይሉኝታ አታውቅም። እሷም ጠባብና ሰፊ አፍ አላት። በ2024 የታተመ ጥናት ላይ ተመራማሪዎቹ ካማምቤር የሚባለው አይብ የሚሠራበትን ሻጋታ ሲመግቧት ከዚህ በፊት ያልታየ ሦስተኛ አፍ አወጣች፣ ከሁለቱም የሰፋ። ሲርባትና ሲጨናነቅባትም ይኸው አፍ ይመጣል። ይህን አፍ የያዘች ትል ከአንድ ሳህን ውስጥ አብረዋት ያደጉትን፣ ዘረመላቸው ከሷ ጋር አንድ የሆነውን እህቶቿን፣ ሳታመነታ ትበላለች።